ስጎ ፍለጋ

ምግብ ቤት መጠቆም ቀላል ኃላፊነት እንዳይመስላችሁ። ሐኪም ጠቁማችሁ በሽተኛው ባይሻለው ሰው በሽታውን ያማርራል። መካኒክ ጠቁማችሁ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም መኪናውን ይረግማል። ምግብ ቤት ጠቁማችሁ ምግቡ ሳይጥም ቢቀር ግን ወጥ ሠሪዋንም፣ አስተናጋጁንም፣ ሥጋውንም የሚወቅስ አታገኙም። የሚወቀሰው የእናንተ ምላስ ነው። «እሱ እኮ ጥሩ ነው ብሎኝ ነው» ይባላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ፖለቲካም ሆነ ስለ እግር ኳስ የምትሰጡትን አስተያየት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ይህን የምለው ከልምድ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ የባኞ ቤት ዕቃና ሴራሚክ እሸጣለሁ። ሱቄ ከሚገባው ሰው ግማሹ የሚመጣው ቧንቧ ሊገዛ ሲሆን፣ ግማሹ ምሳ የት እንደሚበላ ሊጠይቀኝ ነው። ክትፎ ለሚፈልግ የክትፎውን፣ ዓሣ ለሚፈልግ የዓሣውን፣ ሽሮ እየተንተከተከ የሚቀርብበትን ቤት ለሚፈልግም የሽሮውን አድራሻ ከነመታጠፊያው በቃሌ እነግራለሁ። ከቦሌ እስከ አያት የማላውቀው ድስት የለም እያልኩ እፎክራለሁ። ባለቤቴ አስካለ «አንተ እኮ ከሱቅህ ይልቅ በሆድህ ነው የታወቅከው» ትለኛለች። አልተቀየምኳትም። ሰው በሆነ ነገር መታወቁ አይቀርም፤ እኔ በሆዴ ታወቅኩ።

ታዲያ እንዲህ ስፎክር የኖርኩት ሰውዬ አንድ ቀን አንድ ጥያቄ ቀርቦልኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ጥንታዊ የጣሊያን ምግብ፣ ታሪክ ያለው ሰፈር ውስጥ፣ የት ይበላል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጠያቂዋ ደግሞ መንገደኛ አይደለችም። የገዛ ልጄ ናት።

ጥያቄው ያን ያህል ከባድ መሆን አልነበረበትም። አስቡት እስቲ፤ ጣሊያን ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ማንም ሳይሸኘው ሄደ። ሲሄድ ግን ጓዙን ሁሉ ጠቅልሎ አልሄደም። እናንተም ጠዋት ማኪያቶ ትጠጣላችሁ፣ መኪናችሁን ጎሚስታ ታስገባላችሁ፣ ስትለያዩ ቻው ትባባላላችሁ፣ እኔም ባኞ እየሸጥኩ ልጅ አሳድጋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ስጎ አለ። ስጎን የማያውቅ ካለ (አይኖርም እንጂ) የተፈጨ ሥጋ በሽንኩርትና በቲማቲም ተቁላልቶ፣ ዘይቱ ላይ ላዩን እስኪወጣ ተንተክትኮ፣ ፓስታ ላይ የሚደፋ ነገር ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው ይላሉ። ይሁን፤ ግን እዚህ ከገባ በኋላ ዜግነት ቀይሯል። እናቶቻችን ሽንኩርቱን እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት እስኪሟሟ ያቁላሉታል፤ አንዳንዷም ማንም ሳያያት በርበሬ ጣል ታደርግበታለች። እኔ በበኩሌ ማንም ሳያየኝ አልልም፤ ፓስታን በስጎ አድርጌ፣ እንጀራ ላይ ደፍቼ፣ በእጄ ነው የምበላው። ሱቄ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

ወደ ልጄ ልመለስ። ስሟ ሜላት ነው። ኦሎምፒያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ በምሳ ሰዓት ሱቄ ድረስ የምትመጣው ነገር ሲኖራት ብቻ ነው። መጥታ አዲስ የገባ ላቫቦ ላይ ቁጭ አለችና «አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሆም የሚባል ልጅ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጓደኛዬ» ስትለን፣ እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ ያመንናት መስለን ኖረናል። ጨዋ ልጅ ነው። ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ይላካል ተባለ፤ ፋሲካ አለፈ። ከክረምት በኋላ ተባለ፤ ክረምቱም ወጣ። አስካለ ምንጣፉን ሁለት ጊዜ አሳጥባ ሁለት ጊዜ መልሳ ጠቀለለችው። ለካስ ነገሩን የያዘው የልጁ አባት፣ አቶ ዳኛቸው ኖሯል።

«ምን አጥፍተን ነው? ዘራችንን ነው ወይስ ሴራሚኩን ነው የናቀው?» አልኩ፣ ደሜ ፈልቶ።

«ኧረ አባዬ፣ እንደሱ አይደለም! እኔንማ ይወደኛል። ግን ናሆም ሲጠይቀው ምን ይለዋል መሰለህ? ‹ሽማግሌ የሚላከው ከሰፈር ነው፤ እኔ ሰፈር የለኝም። ከየት አምጥቼ ልላክ?› ነው የሚለው።»

አቶ ዳኛቸው ተወልደው ያደጉት፣ አግብተው የወለዱትም፣ ሚስታቸውን የቀበሩትም ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቤቱ ደህና ቤት ነው፤ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት። ጎረቤቶቻቸው ግን አንዱ አያት፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የልጁ ቤት እየሄዱ ተበታተኑ። ሰውዬው ስልክ መደወልም ተዉ። ናሆም አጎቶቹንና የመሥሪያ ቤት አለቃውን ሰብስቦ ሊልክ ቢል «የተውሶ ሽማግሌ ሰው ቤት አልልክም» ብለው ድርቅ አሉ። ከቤት አይወጡም። ቢያወሩ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካዛንቺስ ስለነበረ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት፣ ስለ ላዛኛው፣ ስለ ስጎው።

«አንተ ደግሞ ምግብ ቤት ታውቃለህ» አለች ሜላት። «እንደዚያ ያለ ቤት ፈልገህ ብትጋብዘው፣ ቢያንስ ከቤት ይወጣ ነበር። አባዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ እኮ።»

የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። እኔ ደግሞ የልጄ ድምፅ ሲሰበር የምሆነውን አላውቅም፤ ሱቁን ሽጠው ብትለኝም እሺ ማለቴ አይቀርም ነበር።

ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። በእኛ አገር ወግ የሴት ልጅ አባት ምንድን ነው የሚያደርገው? ቤቱ ይቀመጣል። ሽማግሌ ሲመጣ ያላወቀ ይመስላል። ሲለምኑት ጣራ ጣራ ያያል። አስቡልን፣ ተመልሳችሁ ኑ ይላል። ሰው በሕይወቱ እንዲህ የሚኮራባት አንድ ቀን ብትኖር ያቺ ናት፤ እኔም ሜላት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች ጀምሮ ስጠብቃት ኖሬያለሁ። አሁን እኔው የልጁን አባት ምሳ ጋብዤ፣ ደጅ ጠንቼ፣ «እባክዎ ይለምኑኝ» ልላቸው ነው። ለምኑኝ ብሎ የሚለምን አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቢሆንም በማግስቱ ፍለጋ ወጣሁ። ደግሞ ልንገራችሁ፤ ቅሬታዬ እግሬን እንኳ አላዘገየውም። ገና ወደ ቦሌ መንገድ ስታጠፍ ደስታ ደስታ ይለኝ ጀመር። እንደኔ ላለ ሰው የማያውቀው ድስት አለ ማለት አዲስ ዓመት ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ወንበሩ ለስላሳ፣ ሙዚቃው ለስላሳ፣ አስተናጋጁም ለስላሳ። «ስጎ አለ?» አልኩት።

«ሶሪ ጌታዬ፣ እሱ እንኳን ሜኑ ላይ የለም። ራጉ ግን አለን።»

ራጉ የተባለው መጣ። አሸተትኩት፣ ቀመስኩት። «ይሄማ ስጎ ነው!» አልኩ። «ራጉ ነው ጌታዬ» አለ። ስጎ ነው፣ ራጉ ነው ስንባባል መብረድ ጀመረ። ወደ ፓስታው ስገባ ደግሞ ጥርሴ ላይ ቀጭ ቀጭ አለብኝ። «የኔ ልጅ፣ ፓስታው አልበሰለም» ስለው በትህትና ጎንበስ አለና «አልዴንቴ ነው ጌታዬ» አለኝ። እኔ የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ስም መስሎኝ «እንግዲያው አልዴንቴን ጥራልኝና እኔው ልንገረው» አልኩት። ልጁ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ሳየው ነው አንድ ስህተት እንደሠራሁ የገባኝ። ለካስ ጣሊያኖች ፓስታ ጥርስ ላይ ሲንቀጫቀጭ ነው በስሏል የሚሉት። ቤታችን እንዲህ አድርጋ ያቀረበች ሴት ግን ጋዝ አለቀባት እንዴ ነው የምትባለው። አቶ ዳኛቸውን እዚህ ማምጣት አይቻልም ብዬ ወረድኩ።

ሁለተኛው ኦሎምፒያ ነው። በሩ ላይ «ጥንታዊ ጣዕም በታሪካዊ ቤት» የሚል ተጽፏል። ልቤ ዘለለ! ገባሁ። ግድግዳው ልስኑ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ከሥሩ ያረጀ ጡብ የሚታይ፣ ላዩ ላይ ሱፍ የለበሱ ሽማግሎች ጥቁርና ነጭ ፎቶ የተሰቀለበት ነው። ጠጋ ብዬ ጡቡን ዳሰስኩት። ሴራሚክ ነው። እንዲያውም የእኔ ሴራሚክ ነው፤ ባለፈው ዓመት በመኪና ያስጫንኩት። «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብዬ ፎቶዎቹን ሳሳያት አስተናጋጇ «አላወቅኳቸውም፤ ከነፍሬማቸው ነው የመጡት» አለችኝ። ላዛኛው ዓይን ይስባል፤ ዙሪያዬን ያሉት ወጣቶች ሁሉ ፎቶ እያነሱት ነበር። ስቀምሰው ዳርና ዳሩ ያቃጥላል፣ መሐሉ በረዶ ነው። ታሪክ በማይክሮዌቭ አይሞቅም ልላችሁ ነበር፤ ተውት፣ ሰዎቹ ደንበኞቼ ናቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ዞርኩ። ሱሪዬ ጠበበኝ። ሜላት ማታ ማታ «እህስ?» ትለኛለች፤ «እየተቃረብኩ ነው» እላታለሁ። አልተቃረብኩም ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴትዮ ሱቄ ገቡ። ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ የሚፈልጉ። «ለቤት ነው ለንግድ?» ስላቸው «ለንግድ ነው፤ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ» አሉ። የሆዴ ነገር ነውና «ምን ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው።

«ምን እሠራለሁ፣ የለመድኩትን ነዋ። ላዛኛ፣ ኮቶሌት፣ ፓስታ በስጎ…»

«ምን አሉኝ? ስጎ?»

«ታዲያ ምን ልበለው?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

ገንዳውን በራሴ መኪና ጭኜ አብሬያቸው ሄድኩ። ሱቁን ማን እንደያዘልኝ እንኳ አላስታውስም። ከሃያ ሁለት ጀርባ፣ ሁለት ፎቆች መሐል የተረሳች አሮጌ ቪላ ናት። ምልክት የላትም። ወይዘሮ አበራሽ (ስማቸው ነው) ድስቱን ሲከፍቱት የወጣውን ሽታ እንዴት ልንገራችሁ! ሽንኩርቱ ሟሙቶ ጠፍቷል፣ ቲማቲሙ ደም መስሏል፣ ሥጋው ደቅቆ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። «በሹካ ነው በእንጀራ?» ብለው ሲጠይቁኝማ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በእንጀራ በላሁ። ድጋሚ አስጨመርኩ። የት እንደተማሩት ስጠይቃቸው «ካዛንቺስ፤ ጣሊያን ቤት ነበርኩ፣ ድስት ከማጠብ ተነስቼ ዋና እስከመሆን» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አጣ። ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ።

«ቅዳሜ አንድ ትልቅ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። «ግን አደራ፣ እንጀራ የሚባል ነገር አጠገባችን እንዳይታይ። ሰውዬው ኦርጅናል ናቸው። በሹካ ብቻ!»

«እንደወደዱ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

አቶ ዳኛቸው በስልክ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ የዛሬ ምግብ እንደማይስማማቸው ነገሩኝ። «አራብሳ ድረስ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ስጎ ነው» ስላቸው ግን «በስንት ሰዓት?» አሉ።

ቅዳሜ ከቀጠሯችን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ስደርስ እሳቸው ከእኔም ቀድመው ሕንጻው ሥር ቆመዋል። ግራጫ ሱፍ፣ ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ። ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው፤ ሱፉ ግን ድሮ ወፈር ብለው ሳለ የተሰፋ ይመስላል። ይህ ሰው እንዲህ ለብሶ መሄጃ ካጣ ስንት ጊዜው ይሆን አልኩ።

መኪና ውስጥ ግን አላሳዘኑኝም። ከአራብሳ እስከ ሃያ ሁለት ድረስ ስለ ጣሊያን ምግብ ሥርዓት ትምህርት ሰጡኝ። ስፓጌቲ በቢላ አይቆረጥም። ፓስታ ላይ ሎሚ አይጨመቅም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው አሉ።

«አንዳንዱ እኮ ፓስታ በእንጀራ ይበላል! እንዲህ ያለ ሰውማ ልጅ አይሰጡት፣ ከልጁም አይጋቡት።»

ማክሰኞ የበላሁት ጉሮሮዬ ድረስ ተመልሶ መጣ። «ምን ማለትዎ ነው አቶ ዳኛቸው፣ እኛ ቤት ተደርጎም አያውቅ!» አልኩ። የልጄን ትዳር ልታደግ ብዬ ስጎን ካድኩ።

ቪላዋ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። በጓሮው ዛፍ ሥር አንድ ረጅም ጠረጴዛ ሙሉ ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ግን ለቁም ነገር የመጣሁ ሰው ነኝና በፊት ለፊቱ በር አስገብቼ ጥግ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ወሰድኳቸው። ሁለት ሰሐን ስፓጌቲ በስጎ መጣ። ሁለት ሹካ። ሁለት የተጣጠፈ ሶፍት።

ከዚያ ያየሁትን ፍዳ ለጠላቴም አልመኝም። እኔ እጠቀልላለሁ፤ ይፈታል። እንደገና እጠቀልላለሁ፤ ግማሹ አፌ ግማሹ አገጬ ላይ ይቀራል። ሸሚዜ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀይ ነጥብ አረፈ። አቶ ዳኛቸውን ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው ደግሞ እሳቸውም አልተሻሉም። ሹካቸውን እንደ ብሎን መፍቻ እያዞሩ፣ ክራቫታቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በከንፈራቸው አንዱን ክር እያሳደዱ ነው። ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ሁለታችንም በክብር ራሳችንን ነቀነቅን።

በመጨረሻ አንድ ጉርሻ ያህል ገባላቸው። አኘኩ። ሹካውን አስቀመጡ።

«ይሄን ስጎ ማን ነው የሠራው?» አሉኝ። ድምፃቸው ተለወጠብኝ። በቃ፣ ጉድ ፈላ ብዬ ወይዘሮ አበራሽን አስጠራሁ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጋሽ ዳኛቸው! እውነት እርስዎ ነዎት? ወይኔ ጉዴ! ትልቅ እንግዳ፣ ሹካ ብቻ የሚበላ ስባል ፈረንጅ መስሎኝ! ቆይ እንጀራዎን ላምጣ።»

አቶ ዳኛቸው «የምን እንጀራ?» አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

«የምን እንጀራ? ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ እንጀራ ፓስታ አቅርቤልዎት አውቃለሁ? አሳላፊው እንኳ ‹የጋሽ ዳኛቸው› ካለኝ ሁለት እንጀራ አልነበር የምሰጠው?»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩ። ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። እኔም ያን ጊዜ የሴት ልጅ አባትነቴን፣ ክብሬን፣ የነገሩኝን ሥርዓት ሁሉ ረሳሁት። «ወይዘሮ አበራሽ፣ ለእኔም አንድ ይጨምሩልኝ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እንዲያ የቀጠነ ሰውነት ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ ከየት ይወጣል? ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ማክሰኞ የበላሁትን ተናዘዝኩ።

«ለመሆኑ እዚህ ጓዳ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። «ቅዳሜ እኮ ነው። ሁሉም ጓሮ አይደሉም እንዴ?»

«ሁሉም እነማን?» አሉ አቶ ዳኛቸው።

ወይዘሮ አበራሽ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ወሰዷቸው፤ እኔም ሰሐኔን ይዤ ተከተልኩ። ዛፉ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ሰዎቹ ዞረው አዩን። ከዚያ ወንበር ወደቀ። «ዳኜ!» ብለው ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተነሱ። ለካስ የካዛንቺሱ እድር ዳኛ ኖረዋል። ከአያት በታክሲ የመጡ፣ ከጀሞ በባስ የመጡ፣ ልጃቸው አድርሷቸው የሄደ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በስጎ ሰበብ የሚሰበሰቡ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። «ስንት ጊዜ ደወልንልህ! ስልክህን ምን በላው?» እያሉ እየተቀባበሉ አቀፏቸው። የግራጫው ሱፍ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። ምን አገባህ አትበሉኝ፤ አለቀስኩ።

ፓስታው በትልቅ ትሪ፣ እንጀራ ላይ ተደፍቶ መጣ። ሁሉም እጁን ሰደደ። የፓስታ ጉርሻ ጎርሳችሁ ታውቃላችሁ? ክሩ ከአጉራሹ ጣት እስከ ጎራሹ አፍ ድረስ ይዘረጋል፤ መሐል ላይ የሚቆርጠው የለም፤ ሁለቱም ሳቃቸውን እየታገሉ እስኪያልቅ ይጠባበቃሉ። እኔ ከእድሩ ዳኛ እጅ ሁለት ጎረስኩ።

ምግቡ ሲገባደድ አቶ ዳኛቸው እጃቸውን ታጥበው ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሞቼ፣ እግዜር አገናኝቶናልና አንድ ጉዳይ አለኝ። ለናሆም ሽማግሌ እንድትሄዱልኝ ነው።»

እልልታው ሊያደነቁር! እኔ ግን ደነገጥኩ። የሴቷ አባት እኮ እዚሁ ነኝ፣ አጠገባቸው፣ እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ! ሽማግሌ ሊላክበት የታሰበ ሰው ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ተቀምጦ ሰምቶ ያውቃል? ልነሳ ስል አንዱ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። እኔን የአቶ ዳኛቸው ዘመድ አድርገውኛል።

«የልጅቷ አባት ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ የእድሩ ዳኛ፣ በቁም ነገር። «ያስቸግራል እንዴ? እንዘጋጅ።»

አቶ ዳኛቸው ወደ እኔ አላዩም። ሸሚዜ ላይ ያሉትን ቀይ ነጥቦች እንዳዩ ግን እርግጠኛ ነኝ።

«ደህና ሰው ነው» አሉ። «ሆዱን ይወዳል። ግን አስቸጋሪ ነው ይባላል፤ ቶሎ እሺ አይልም።»

እኔ ወደ ዛፉ ቀና ብዬ ወፍ ሳይ ቆየሁ። ሰው እንዲህ አድርጎ አክብሮኝ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ አራት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አስካለ ምንጣፉን ዘርግታለች። ሜላት ወጥ ቤት ገብታ ትንፋሿን ይዛለች። በሩን ስከፍት የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ቆመዋል፤ እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። የመጡበትን ቤት ባለቤት በገዛ እጃቸው ሁለት ጊዜ አጉርሰዋል። ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወዲያው ራሳቸውን ሰበሰቡ። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አሉኝ፣ በሕይወታቸው አይተውኝ እንደማያውቁ። እኔም «እንደምን ዋላችሁ፣ ከየት ናችሁ እባካችሁ?» አልኩ፣ እንደዚያው።

ቁጭ በሉ ሲባሉ ሳይቀመጡ፣ ቆመው እንደ ወጉ ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። እኔ ጣራ ጣራ አየሁ። ከዚያ መጠየቅ ያለበትን ጠየቅኩ። አፌ ላይ ሲደርስ ግን ፈራሁ፤ ሰውዬውን ስንት ወር ቤት የዘጋባቸው ጥያቄ ይሄው ነውና።

«ላኪያችሁ የየት ሰፈር ሰው ነው?»

ከአያት የመጡት፣ ከጀሞ የመጡት፣ ከልጃቸው ቤት የመጡት አራቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው እንኳ አልተያዩም። የእድሩ ዳኛ አፍታ ሳይቆዩ መለሱ።

«የእኛ ሰፈር ሰው ነው» አሉ።

የትኛው ሰፈር ብዬ አልጠየቅኩም። እሺ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ያን ሁሉ የዞርኩት ለዚች ቃል እኮ ነው። ግን ከታች፣ መኪና ውስጥ፣ ቅድም ከበረንዳ ያየኋቸው፣ ግራጫ ሱፍ ለብሰው የሚጠብቁ አንድ ሰው እንዳሉ ትዝ አለኝ። ለዚህ ቀን በስንት ጭንቅ ሽማግሌ ያገኘ ሰው በአንድ ጊዜ እሺ ቢባል ምን ቀረለት?

«ትልቅ ነገር ነው የጠየቃችሁን» አልኩ። «ዘመድ እናማክር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሰሐን ሲሰበር ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ወደ በረንዳው ወጣሁ። አቶ ዳኛቸው ከመኪናው ወርደው በጉጉት «ምን አሉ?» ሲሉ ሰማሁ። የእድሩ ዳኛ ጣታቸውን ሁለት አድርገው አሳዩዋቸው። ሰውዬው ጭናቸውን መቱ።

«አላልኳችሁም! ቶሎ እሺ የሚል ሰው አይደለም!» አሉ፣ ሰፈር እንዲሰማላቸው ጮክ ብለው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ።

እኔም የበረንዳውን በር ዘግቼ፣ ልጄን ልጋፈጥ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።